የኋላው ገመድ

ዴዝሞንድ ከጠዋት ጀምሮ እግሩ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎታል። ዕድሜውን ሙሉ በቴምዝ ወንዝ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የኖረ ሰው፣ ዛሬ ከጀልባው ኋላ መሪውን ይዞ ዐይኑን ከሚስቱ ከዊኒፍሬድ እጅ ላይ መንቀል አቃተው። እሷ ደግሞ ምንም አላጠፋችም፤ ጀልባው ፊት ላይ ተቀምጣ፣ ገመዷን ጭኗ ላይ ጠቅልላ ዳክዬ ታያለች።

ጣጣው የልጃቸው የክላይቭ ነው። ለሽርሽር መጣሁ ይበል እንጂ፣ ለምን እንደመጣ ዴዝሞንድን አልጠፋውም። ዊኒ ከገና ወዲህ መርሳት ጀምራለች። አንዴ ምድጃውን ሳታጠፋ ወጥታለች፣ አንዴ የራሷ በር ጠፍቷት ጎረቤት ቤት ተገኝታለች። ክላይቭም አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አይቶላታል። «ይሄን ጉዞ በደህና ከጨረሰች እንደ ድሮው ኑሩ» ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። «ካጠፋች ግን እማዬ ትገባለች፤ አንተ ከፈለግክ ከጀልባህ ጋር ቅር።» ዴዝሞንድም እሺ አለ። ለእሷ የነገራት የለም።

«አባዬ፣ ወደፊት እያየህ ንዳ እንጂ» አለ ክላይቭ፣ አፉን በዳቦና በአይብ ሞልቶ።

«አንተ ብላ። መንዳቱን ለኔ ተው።»

«ተጀመረ ደግሞ» አለች ዊኒ ዞር ሳትል። «ዴዝ፣ የውሃው በር ክፍት ነው። ቀስ ብለህ ግባ፤ እንደ አምናው ግድግዳውን እንዳትልሰው።»

ክላይቭ ሳቀ። ዴዝሞንድ ግን፣ የአምናውን ታስታውሳለች፣ ሰማህ ወይ በሚል ዐይን ልጁ ላይ አፈጠጠ። ልጁ ሻይ ላፍላ ብሎ ወደ ጀልባው ጓዳ ወረደ።

የውሃ በር ማለት ጀልባ ከላይኛው ወንዝ ወደ ታችኛው የሚወርድበት የድንጋይ ገንዳ ነው። ትገባለህ፣ ከኋላህ ይዘጋል፣ ውሃው ሲለቀቅ አብረህ ትወርዳለህ። ገመድህን ዳር ባለው የብረት ችካል ላይ አዙረህ ጫፉን በእጅህ ትይዛለህ፣ ጀልባው በወረደ ቁጥር ትለቅለታለህ። ብቻ እንዳታስረው። ካሰርከው ውሃው ይሄዳል፣ አንተ ተንጠልጥለህ ትቀራለህ። ይሄን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እንደገቡ ዊኒ ወደ ዳር ወጣች። የኋላውን ገመድ ችካሉ ላይ አዞረችና ጫፉን ለባሏ አቀበለችው፤ ከዚያ የፊቱንም አዙራ፣ ጀልባው ላይ ተመልሳ ጫፉን ያዘች። የበሩ ጠባቂ፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ወጣት፣ «ሞተር አጥፉልኝ» አለችና ውሃውን ለቀቀችው።

ዴዝሞንድ የእሷን እጅ ያያል። አሁን ልታስረው ነው? አላሰረችም። ጣቷ ተንቀሳቀሰ። አይ፣ ብርዱ ነው። ልቀቂ ዊኒዬ፣ ልቀቂ ይላል በሆዱ፤ እሷም ዘና ብላ ትለቃለች። በደስታ እንባ እንባ አለው። ይሄ ልጅ ምነው ወጥቶ ቢያያት ብሎ ሊጠራው ሲል፣ እግሩ ስር ወለሉ ዘመመ።

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ተንኮሻኮሸ። የጀልባው ፊት ሲወርድ ኋላው ተሰቅሎ ቀርቷል፤ የኋላው ገመድ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ዴዝሞንድ ክው ብሎ ቀረ።

«ውሃውን አቁሚው፣ ኋላችን ተሰቅሏል» ብላ ጮኸች ዊኒ። ጠባቂዋ ሮጣ መልቀቂያውን ዘጋች፤ ከላይ በኩልም ውሃ አስገባች። ጀልባው ቀስ በቀስ ተስተካከለ፣ ገመዱም ረገበ።

ክላይቭ ሸሚዙ ሻይ በሻይ ሆኖ ወጣ። የኋላው ገመድ ጫፍ ጀልባው ብረት ላይ የታሰረበትን ቋጠሮ አየ። «ይሄን ማነው ያሰረው?»

ዴዝሞንድ የገዛ እጁን ተመለከተ። መቼ እንዳሰረው አያውቅም። እሷን ሲጠብቅ እጁ ለብቻው ቋጥሮታል።

«እኔ ነኝ» አለች ዊኒ። «ይቅርታ ልጄ፣ ረሳሁት መሰለኝ።»

እንዲህ ናት። ባሏ ግድግዳ ሲገጭ ነፋሱ ነው ትላለች፣ መንገድ ሲስት እኔ ነኝ ያሳሳትኩት ትላለች። ዛሬ ግን ሒሳቡ ስንት እንደሆነ አታውቅም። ክላይቭ ወደ አባቱ ዞሮ፣ አየህ አይደል በሚል አንገቱን ነቀነቀ። ዴዝሞንድ ዝም ቢል እሷ ትገባለች፣ ጀልባው ለእሱ ይቀርለታል። እሱም፣ አፈር ያስበላውና፣ ለአፍታ ዝም አለ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ ዴዝሞንድ በመጨረሻ። «እሷ ምንም አላጠፋችም። እዛ ቤት የሚገባ ሰው ካለ እኔን አስገባኝ።»

«የምን ቤት?» አለች ዊኒ።

አንዴ ልጇን፣ አንዴ ባሏን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ጠቆረ።

«ለዚህ ነዋ ከጠዋት ጀምሮ እጄን ስታየኝ የዋልከው» አለችው። «እኔ ደግሞ ምን ነክቶት ነው፣ ዛሬስ ወደደኝ እያልኩ።»

«ዊኒ...»

«ተወኝ። ጀልባውን ሽጡት። እኔ የትም አልገባም።» መጥታ የኋላውን ገመድ ፈታችና ጫፉን ያዘች። «አንተ ፊት ሂድ።»

ዴዝሞንድ ፊት ሄዶ ገመዱን ያዘ። ጠባቂዋ ውሃውን እንደገና ለቀቀችው። እስኪወርዱ ድረስ ዞር ብሎ ሊያያት አልደፈረም።