ሳያዛጋ የተቆረጠ

"ልጅቷ ምን በላች?" ነርሷ ደግማ ጠየቀች።

ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተዝለፍልፋለች። ስታስመልስ ቆይታ አሁን ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። እናትየው ጎረቤት ሲደውልላት ከምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነበር ወደ ክሊኒኩ ሮጣ የመጣችው።

"ምንም አልበላችም፤ ውሃ ብቻ" አሉ አማቷ። ያ የወትሮው ምላሳቸው የት እንደገባ እንጃ። ትናንት እንኳ "አንቺ ስትልጪው የሚያለቅሰው ሽንኩርቱ ነው" እያሉ ሲያሾፉባት ነበር።

ነርሷ ሙቀት መለኪያ ልታመጣ ዘወር ስትል፣ እናትየው የአማቷን እጅጌ አየች። ቀይ ልጣጭ ተለጥፎበታል።

ጓሯቸው ያለው ዛፍ አማቷ ከሟች ባላቸው ጋር ከዝናብ ደን ችግኙን አምጥተው የተከሉት ነው። ቀዩ ፍሬ እዛፉ ላይ እንዳለ በራሱ ጊዜ አፉን ሲከፍት "አዛጋ" ይሉታል፤ ያኔ ይበላል። ሳያዛጋ የተቆረጠ ግን መርዝ ነው። የአሮጊቷ ዓይን መድከም ሲጀምር ልጃቸው፣ የእናትየው ባል፣ "እማዬ፣ ሁለተኛ ከዚያ ዛፍ ብታወርጂ እህቴ ጋ ነው የምወስድሽ" ብሏቸው ነበር። የእህቱ ባል ደግሞ ባለፈው ሻንጣቸውን በር ላይ አውጥቶ ነው የሸኛቸው።

"እማማ፣ አዛግቶ ነበር?" አለች በሹክሹክታ።

"ቀልቶ ነበር እኮ! ራበኝ ብላ አለቀሰችብኝ፤ ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም። ጫፉን በቢላ ትንሽ ብቻ ነው ያገዝኩት።" ሽርጧን ጨመደዱት። "እሱ እንዳይሰማ፤ አደራሽን።"

ባልየው እያለከለከ ገባ። "ምን ሆነች? ማን ምን አበላት?" ዓይኑ እናቱ ላይ አረፈ።

ነርሷ ተመልሳ የልጅቷን ጉንጭ መታ መታ አደረገች፤ ልጅቷ አልነቃችም። "የበላችውን ካልነገራችሁኝ በጭፍን ነው የምናክማት። እናንተ ስትንሾካሾኩ ልጅቷ እያመለጠችን ነው!"

"ከጓሯችን ዛፍ ፍሬ በልታለች" አለች እናትየው። "ሳያዛጋ በቢላ የተከፈተ።"

ነርሷ ልጅቷን ከእናቷ ጭን ነጥቃ ሮጠች። "ግሉኮስ! ቶሎ በሉ!" ስትል ከመጋረጃው ጀርባ ተሰማ።

ባልየው አልተንቀሳቀሰም። "ማነው የከፈተው?"

አሮጊቷ መናገር ጀመሩ። እናትየው ክንዳቸውን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና ወደ ባሏ ዞረች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ጧት ወደ ሥራ ስቸኩል።"