የኦዜላ ስፌት

«ሰውየው ማን ነው?» አሉ ሚስ ኦዲል።

ኦዜላ የያዘችውን ሰሃን ማድረቋን አላቆመችም። የኮራሊ እናት ከሉዊዚያና ሦስት ቀን በባቡር ተጉዘው የደረሱት ትናንት ማታ ነው። ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ የልጃቸው ሬሳ ሣጥን አጠገብ ተቀምጠው አደሩ። አሁን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማድቤት ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«የቱ ሰውዬ፣ እማማ?»

«ልጄ እዚያ መርከብ ሆድ ውስጥ ልታገኘው የገባችው ነዋ። ሳሎን ያሉት ሴቶች አሮጊቷ አትሰማም ብለው ይሆናል። ጆሮዬ ደህና ነው። አንቺ አብረሻት ነው የኖርሽው፤ አንድ አልጋ ነው የተጋራችሁት። የሚያውቅ ሰው ካለ አንቺ ነሽ።»

«ማንም አልነበረም።»

«ታዲያ በእራት እረፍቷ፣ የሌላ ሰው ሥራ ቦታ፣ ብቻዋን ምን ልትሠራ ገባች?»

መልሱን በዚህ ምድር ላይ የምታውቀው ኦዜላ ብቻ ናት። «እኔ እንጃ፣ እማማ» አለችና ሌላ ሰሃን አነሳች።

ለቅሶው የተቀመጠው ሚስ ሃቲቤል ቤት ነው። ሚስ ሃቲቤል ባለቤታቸው የሞቱባቸው የቴክሳስ ሴት ናቸው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ሪችመንድ ውስጥ ጋራዥና የዶሮ ቤት ሳይቀር ለመኝታ ሲከራይ፣ እሳቸው ለኮራሊና ለኦዜላ መስኮት ያለው ክፍል ከነአልጋው ስላከራዩ ራሳቸውን እንደ ጻድቅ ነው የሚቆጥሩት። አሁንም ሳሎናቸውን ለሬሳው ሲለቁ ቅር አላላቸውም። ሰዉ ከመርከብ መሥሪያው እንደወጣ፣ በሥራ ሱሪው፣ ብረት ብረት እየሸተተ ይመጣል። ቀይ ባቄላ በሩዝ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የተጠበሰ ዶሮ በፎጣ ሸፍኖ ያስገባል። ስኳር በኩፖን በሆነበት ዘመን ኬክ ይዛ የመጣችም ነበረች፤ ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቃት የለም።

ለቅሶ ቤት ጨዋታ ይፈልጋል። ጨዋታው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ሐሜት ይሆናል።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች ቨርዲ፣ ቡናዋን እያማሰለች። ቨርዲ እንደ ኮራሊ በያጅ ናት፤ የአገሯም ልጅ ናት፤ ሁለቱም ኦፔሉሳስ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው ክርስትና የተነሡት። «የሞተችበት የመርከቡ ታንክ የቀን ሠራተኞች ነው። እሷ የማታ ናት። ሰው ሁሉ ሳንድዊቹን ሊበላ ሲወጣ እሷ ትገባለች። ጭስ የሚያወጣውን የአየር ቱቦ እንኳ አላስገባችም። ለብቻ መሆን ባትፈልግ ለምን?»

«ያ ረጅሙ ብረት ገጣጣሚ፣ የኦክላሆማው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱ ጠቁሯል አሉ» አለች አንዷ።

«ድሮስ መቼ ቀልቶ ያውቃል?»

ሳቁን በመሐረብ አፈኑት። ሚስ ኦዲል ከሣጥኑ አጠገብ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነበር፤ ጣታቸው ለአፍታ ቆሞ እንደገና ቀጠለ።

ኦዜላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ሰማች። አፌን ልክፈት ብትል የምትለው አልጠፋትም። የምታጣውም አልጠፋትም።

ከአርካንሳስ የጥጥ ማሳ የመጣች ጊዜ ከመጥረቢያ በቀር ብረት ይዛ አታውቅም ነበር። ብየዳ ያስተማሯት የመርከብ መሥሪያው አሠልጣኞች ናቸው ቢባልም፣ የእውነት ያስተማረቻት ኮራሊ ናት። ኮራሊ ከኋላዋ ቆማ ክርኗን ትይዛትና «አንቺ አርካንሳስ፣ ምን ያስሮጥሻል? አውሬ አየሽ?» ትላታለች። ብዙ የምትስቅ፣ ፈጥና የምትቆጣ፣ ቁጣዋም ቶሎ የሚበርድላት ሴት ነበረች። በያጆች የብየዳውን መስመር ስፌት ነው የሚሉት። የኮራሊ ስፌት ሲታይ የሰው እጅ የነካው አይመስልም፤ ተቆጣጣሪው እንኳ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ዝም ብሎ ያልፋል።

በኋላ ሥራቸው ተለያየ። ኦዜላ ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት፣ ኮራሊ ከዐሥር ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። የዕረፍት ቀናቸውም አይገጥምም። አንደኛዋ ስትነሣ ሌላዋ ገና ተኝታለች። በቀን ነቅተው የሚጨዋወቱት ዐሥር ደቂቃ ነው፤ በመርከብ መሥሪያው በር ላይ፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ስትገባ። ኮራሊ ከቤት የያዘችውን ቂጣ ለሁለት ትቆርሰዋለች፤ ቆመው ይበላሉ፤ የፈረቃ መለወጫው ፊሽካ ይነፋል።

ኦዜላ ኮራሊን ትወዳት ነበር። እህት እህትን ከምትወደው በላይ ትወዳት ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ኮራሊም ጠይቃት አታውቅም። ግን ኮራሊ በእኩለ ሌሊት ገብታ የቀዘቀዘ እግሯን ከኦዜላ እግር ሥር ስትሸጉጥ፣ ኦዜላ እንዳልተኛች ሁለቱም ያውቁ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ሊያጽናኑ መጡ። ሚስ ኦዲል ሳያስቀምጧቸው ተናገሩ።

«አባ፣ እዚሁ ትቀበር።»

ሚስ ሃቲቤል ደነገጡ። «የባቡሩ ወረቀት አልቆ? ከአባቷ ጎን ብለውን አልነበር?»

«አባቷ ጨዋ ሰው ነበር። አሁን ከጎኑ አምጥቼ ሳስተኛት የአገሩ ሰው በመቃብሩ አጥር ላይ ተደግፎ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ወሬው ከሣጥኑ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። እዚሁ፣ የማያውቃት አፈር ይብላት።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። መቁጠሪያው ግን ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ብለው አላነሱትም።

ያን ጊዜ ኦዜላ ደስ አላት።

ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ደስ አላት። ኮራሊ እዚህ ከተቀበረች ሁልጊዜ እሑድ ሄዳ ልታያት ነው። አበባ ልትወስድላት፣ አጠገቧ ተቀምጣ ቂጣ ልትበላ ነው። ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። ብትናገር ግን ሥራዋ የለም፤ በጦርነት ጊዜ መርከብ አበላሸች ተብላ ለመንግሥት ሰዎች ልትሰጥ ትችላለች፤ ኮራሊም በባቡር ሦስት ቀን ርቃ ወደማትደርስበት አገር ትሄዳለች። ደስታዋ ግን አሳፈራት። በጓሮ በር ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ሚስ ሃቲቤል ውኃ ይዘው ተከትለዋት ወጡ። «ጠጪ» አሏት። «ሦስት ልጅና አንድ ባል ቀብሬያለሁ። ሐዘን ያስለቅሳል እንጂ ዐይን አያሸሽም። አንቺ እኚያን ሴትዮ ቀና ብለሽ ስታያቸው አላየሁም።»

«ደክሞኝ ነው፣ ሚስ ሃቲቤል።»

«እንግዲህ ሆድሽ ያውቃል» አሉና ገቡ።

ነገሩ የሆነው ከሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ፣ ለዐሥር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ ነበር። ኦዜላ ታችኛው ታንክ ውስጥ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። የሁለቱ ብረቶች ክፍተት ሰፊ ነው። እንዲህ ሲሆን በያጅ ክፍተቱን ከሥር ጀምሮ ንብርብር በንብርብር መሙላት አለበት፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሥራውን ሳይጨርስ የተገኘ ደግሞ ቆይቶ ለፎርማኑ ማስረከብ አለበት። ብትቆይ የበሩ ዐሥር ደቂቃ ያመልጣታል። የቸኮለ በያጅ የሚያደርገውን አደረገች። ያልቀለጡ የብየዳ ዘንጎች ክፍተቱ ውስጥ ጎዘጎዘችና ከላይ በስሱ አቅልጣ ሸፈነችው። ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ከጫፉ ላይ እንደ ደንቡ የሠራተኛ ቁጥሯን በጠመኔ ጽፋ ወጣች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንድ መርከበኛ ሲያወራ ሰማች። በሰሜኑ ብርድ አንድ አዲስ መርከብ ሌሊት እንደ መድፍ ጮኾ፣ ከስፌቱ ተሰንጥቆ፣ ለሁለት ተከፈለ። ከታችኛው ክፍል የወጣ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ዐሥር ሰዓት ላይ በሩ ላይ ለኮራሊ ነገረቻት።

ኮራሊ ቂጣውን መልሳ ጠቀለለችው። «እዚያ ላይ የሚተኛው የሰው ልጅ ነው፣ ኦዜላ!» አለች። አርካንሳስ አላለቻትም። «ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪ ይገባል። ቢያገኘው አንቺ አለቀልሽ። ባያገኘው ደግሞ መርከበኞቹ አለቀላቸው። ለምን? ሰነፍ አይደለሽም። ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«እንዳታመልጪኝ ነዋ» አለች ኦዜላ። «እንዳላጣሽ። በቀን ይቺኑ ነው የማገኝሽ።»

ሰው እየገፋቸው ያልፋል። ኮራሊ ቆማ አየቻት፤ ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ ይታይ ነበር። በጓንቷ ጫፍ የኦዜላን ጉንጭ ነካ አደረገችና «ሂጂ ተኚ» አለቻት። «ነገሩን ለእኔ ተይው።»

ፊሽካው ተነፋ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ሰኞ፣ የቀብሩ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። የሌሊት ሠራተኞች በቀጥታ ከሥራ መጥተዋል፤ ሣጥኑ ገና አልተዘጋም። ቨርዲ ሚስ ኦዲል አጠገብ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ከልቧ ነው።

«ጥሩ አድርገዋል፣ እማማ። እኔም ለእናቴ ስጽፍ አለዝቤ ነው የጻፍኩት። ሰውየው ቤተሰብ ያለው ነው አላልኩም።»

«ጽፈሻል?» አሉ ሚስ ኦዲል።

«ሐሙስ ነው የላክሁት።»

ሚስ ኦዲል እጃቸውን ከእጇ ቀስ ብለው አወጡ። ሌላ ምንም አላደረጉም፤ ትከሻቸው ብቻ ወረደ። ኦዜላ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ካየቻቸው በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ሰውዬ የለም» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «እኔ ነኝ። ስፌቱ የእኔ ነው። ዘንግ ጎዝጉዤ ሸፍኜው ነበር፤ ነገርኳት። በእረፍቷ ገብታ በመሮ ፈልፍላ አወጣችው፤ እንደገና ሰፋችው። የአየር ቱቦ ለማስገባት ፎርማኑን ማስፈቀድ ነበረባት። ካስፈቀደች ደግሞ ለምን እንደምትገባ መናገር ነበረባት። ጭሱ ነው የገደላት። እኔን ልታድን ብላ ነው የሞተችው።»

ሚስ ኦዲል ስለ ብየዳ የሚያውቁት የለም። ሳሎኑ ውስጥ የነበሩት በያጆች ግን ገብቷቸዋል፤ ግማሾቹ ዐይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። ቨርዲ ስኒዋን አስቀመጠች፤ ሁለት ጊዜ ነው ለማስቀመጥ የሞከረችው። በችኮላ ዘንግ ጎዝጉዞ የማያውቅ በያጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ አልነበረም።

«ጨርሳው ነበር?» አሉ ሚስ ኦዲል።

«ጨርሳዋለች፣ እማማ። ማክሰኞ ጠዋት ገብቼ አየሁት። የእኔን ቁጥር አጥፍታ የራሷን ጽፋበታለች።»

«ቁጥሯ እዚያው ተጽፎ ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው አላየውም?»

«ማንም ስፌቱን አላየ። ሁሉም የሚፈልገው ሰውየውን ነበር።»

ቨርዲ ማልቀስ ጀመረች፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። ሚስ ኦዲል ሣጥኑን ተደግፈው ተነሡ።

«ሚስ ሃቲቤል፣ የመቃብር ቆፋሪውን መልሱልኝ። ልጄን ይዣት እሄዳለሁ። ከአባቷ ጎን።»

ኦዜላ ኮቷን ከመስቀያው ላይ አነሳች። እዚህ የሚያስቆማት ነገር የቀረ አልመሰላትም፤ ከዚህ ወጥታ ወደ ፎርማኑ ቢሮ ነው የምትሄደው። በሩ ላይ ስትደርስ ሚስ ኦዲል ጠሯት።

«የት ነው?»

«ልሂድ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ይቅር አላልኩሽም» አሉ። «ዛሬ አልልሽም። ነገም ማለቴን እንጃ።» የእጅ ቦርሳቸውን ከፍተው ማበጠሪያ አወጡ። ሲናገሩ ወደ ሣጥኑ እንጂ ወደ እሷ አላዩም። «ገናዡ ፀጉሯን መሐል ለመሐል ነው የከፈለው። ከመጣሁ ጀምሮ ሳየው ልክ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት አላየኋትም። ሰሞኑን በየት በኩል ነበር የምትከፍለው?»

ኦዜላ ወደ ሣጥኑ ዞረች። «በግራ። ቀኙን የብየዳው ማስክ ቀበቶ ይበላባት ነበር።»

«እንግዲያው ሥሪያት።»

ኮቷን መሬት ላይ ጣለችና መጣች። ማበጠሪያውን ተቀበለች። ከግንባሯ በላይ፣ ፍንጣሪ ያቃጠለው ትንሽ ፀጉር ካለበት ጀምራ መስመሩን መፈለግ ያዘች። መስመሩ ሁለት ጊዜ ጠመመባት። ሚስ ኦዲል ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ቀና አድርገው ያዙላት።