ሰሊጥ የሌለበት ስንቅ

ሀሲና አንድ ደንብ ነበራት፤ ከእጇ ስንቅ የሚወስድ መንገደኛ ሁሉ አንዷን ድቡልቡል እዚያው ፊቷ ቆሞ ይቀምሳል። ሳይቀምስ የሚሄድ የለም። የሀርጌሳው የዋሄን ገበያ ሾፌሮች «ዶክተር ሀሲና» እያሉ ቢቀልዱባትም እሷ ወይ ፍንክች!

ደንቡ የመጣው በባሏ በሙጂብ ነው። በተጋቡ በወሩ፣ ገና ከባቢሌ ሀርጌሳ እንደገቡ፣ ከሠራችው ስንቅ አንዷን ጎረሰና ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ አጠረው። ሰሊጡ ነበር። በአላህ ፈቃድ ተረፈ፤ ሀሲና ግን «ይኼ በረሃ መሀል ቢሆን ኖሮስ?» እያለች ስንት ቀን ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሱን ለብቻው፣ ሰሊጥ በማያውቅ ሙቀጫ ትወቅጣለች።

ያኔ ከተማዋ እንደገና የምትነሳበት ጊዜ ነበር። በጦርነቱ ጣሪያው የበረረ ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ሙጂብም ሲመታ ይውላል። ሀሲና ደግሞ ስንቅ ታሰናዳለች። መንገዱማ መንገድ አይባልም። ዝናብ ከጣለ ደረቁ ወንዝ በደቂቃ ሞልቶ መኪናውን ሦስት አራት ቀን ያግታል፤ ያን ጊዜ ሰው የሚያቆመው የሀሲና ስንቅ ነው። የባቢሌን ለውዝ በጋለ አሸዋ ትቆላና ቅርፊቱን አሽታ በሰፌድ ታበጥራለች፤ የሻገተ ፍሬ አንድም አታሳልፍም። ዘይቱን እስኪያወጣ ትወቅጠዋለች፤ ከተምር፣ ከተቆላ ሰሊጥና ከጨው ጋር ለውሳ በእንቁላል ልክ ታድቦለቡለዋለች። ጠብታ ውሃ አታስነካውም፤ ውሃ የነካው በሳምንቱ ይበላሻል፣ ያልነካው ወር ይቆያል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከላዩ ውሃ መጠጣት ነው። ሰው በዚያ አይወድቅም።

አንድ ሰኞ ሪሀና የምትባል ወጣት መጣች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሀርጌሳ ዳሚ ሰፈር ሻይ ቤት ውስጥ ትሠራለች።

«ሀሲናዬ፣ ለሁለት ሰው የአሥራ ሁለት ቀን ስንቅ እፈልጋለሁ» አለች። «ቦሳሶ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በባሕር የመን። ከእጮኛዬ ጋር ነን።»

«ማሻአላህ! ይዘሽው ነይና ይቅመስ።»

«ኧረ አቦ፣ ከሥራው ወጥቶ አይመቸውም! ብቻ ሰሊጥ እንዳታስገቢበት አደራ። ጉሮሮውን ይዘጋዋል።»

ሀሲና ሳቀች። «ጉድ በል! እኔ አላህ እንዲህ ያለ ወንድ አንድ ብቻ የፈጠረ መስሎኝ! የኔም ባል እንዲሁ ነው።»

ልቧ ለልጅቷ ራራ። እንዲህ ያለ ሰው ይዞ መንገድ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? «በቃ፣ ላንቺ ስል ደንቤን ልሻር» አለች። ሻረችውም። በሬ ካራጁ ይውላል ይሉ የለ! የባሏን ስንቅ በምትወቅጥበት ሙቀጫ አሳምራ ወቀጠችላት። ተምሩንም ጨመር አደረገች፤ ሙጂብ እንደዚያ ሲሆን ነው የሚወደው። በወተት ዱቄት ጣሳ ሞልታ፣ አፉን ከአሮጌ ቢጫ ሻሿ በቀደደችው ቁራጭ ቋጠረችና «በሰላም ያግባችሁ» ብላ መርቃ ሰጠቻት።

ረቡዕ ሙጂብ ለምሳ ሲመጣ «ነገ በርበራ እሄዳለሁ» አለ። «የመጋዘን ጣሪያ ነው፤ ቢበዛ አራት ቀን ነው።»

«ስንቅህን አሁኑኑ ልወቅጥልሃ።»

«ተይው፣ አያስፈልግም። በርበራ ዓሣ ሞልቶ!»

የሀሲና እጅ ቀጥ አለ። ይህ ሰው ጠረፉ ላይ ወጃሌ ደርሶ ለመመለስ እንኳ ያለሷ ስንቅ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ምን ነካው? ዓይኑንስ ምነው ከሳህኑ ላይ አላነሳ አለ? ለሰላት መስጊድ ሲሄድ፣ ሸሚዙን ልታስገባለት የመሣሪያ ከረጢቱን ከፈተች። ከመዶሻው ሥር ጣሳው ተቀምጧል። ቢጫው ጨርቅ አለ፤ ቋጠሮውም የራሷ ነው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ለካ ይኼ ነው! ሌላ ሴት መያዙ ያንገበግባል፣ ምን ይዋሻል፤ ከሁሉ የባሰው ግን ትቷት የሚሄድበትን ስንቅ በገዛ እጇ ማስወቀጡ ነው። «ሰሊጥ እንዳታስገባ በያት» ብሎ ልኮባታል! ከዓለም ሁሉ የሚያምነው የሷን እጅ ብቻ ነው፤ እሷን ግን ይጥላታል።

የተቆላው ሰሊጥ እዚያው በሳህን ተቀምጧል። አንድ ጭብጥ ይበቃል። እጇን ሰደደች፤ ቋጠሮውንም ነካች። ወዲያው «አስተግፊሩላህ!» ብላ ሳህኑን አንስታ ሰሊጡን ግቢ ውስጥ ደፋችው፤ ዶሮዎቹ ተሻሙበት። ጣሳውን ሳትፈታ መለሰችው፤ ሸሚዙንም አጥፋ ከላይ አደረገችለት።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ቦሳሶ የሚሄደው የሾፌሩ የሂርሲ መኪና ዋሄን ዳር ቆሞ ይጭናል። ሂርሲ ጅግጅጋ ያደገ የሀርጌሳ ሰው ነው፤ አማርኛው ከሀሲና አይተናነስም። ሙጂብና ሪሀና ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጣሳው ሙጂብ ጭን ላይ ነው። ሀሲናን ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«አትደንግጥ፣ ልለምንህ አልመጣሁም» አለችው። «ደንቤን ታውቃለህ። ሳይቀምስ የሚሄድ መንገደኛ የለኝም።» ጣሳውን ፈትታ አንድ ድቡልቡል ዘረጋችለት።

ሙጂብ ድቡልቡሏን አየ፣ እጇን አየ፣ ወደ ኋላው ሸሸት አለ።

«ብላ እንጂ! ዘጠኝ ዓመት ከዚህ እጅ በልተህ የለ?»

«ሀሲና፣ በአላህ ይዤሻለሁ...»

«ፈራኸኝ? እኔን?»

መከዳቱን እንደምንም ችላው መጥታለች፤ ይህን ግን አልቻለችም። ስንት ዓመት ነፍሱን የጠበቀች እጅ ዛሬ ነፍሱን የምታጠፋ መሰለችው! ድቡልቡሏን ራሷ ጎረሰች፤ እንባዋ እየወረደ አላምጣ ዋጠቻት። ጣሳውን መልሳ ቋጥራ ጭኑ ላይ አኖረችለት። «መንገደኛ ስንቅ አይከለከልም» አለች።

ሪሀና ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ባልሽ ነው እንዴ? ፈት ነኝ እኮ ነው ያለኝ! ‹ከሀሲና ስንቅ ሌላ አልበላም› ሲል ደንበኛሽ መስሎኝ...» ወደ ሙጂብ ዞረች። «አንተ፣ ምን ብትበድላት ነው እጇን የምትፈራው?» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች።

መኪናው ሄደ። ሙጂብም አብሮ ሄደ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሂርሲ ባዶውን ጣሳ ይዞ ሀሲና ደጅ መጣ።

«ከቡርዖ ወዲያ ወንዝ ሞልቶ አራት ቀን አገተን» አላት። «የያዝነው ሁሉ አለቀ። እሱ ጣሳውን አቅፎ ቁጭ ብሏል። ‹አንተ ሰው፣ ብላ!› ብንለው ‹ሰሊጥ አለበት› ይላል። ‹እንግዲያው ለኛ ስጠን› ብለን እኛ በላነው፤ ባንቺ ስንቅ ነው የቆምነው፣ አላህ ይስጥሽ። እሱ ስንበላ እያየ በውሃ ብቻ ሰነበተ። በመጨረሻ ተሸክመን ነው ያሻገርነው። አሁን ደህና ነው።»

ሂርሲ ባዶውን ጣሳ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ቆይ ግን፣ እኛ ስንበላው ሰሊጥ የሚባል አልቀመስንም። አስገብተሽበት ነበር?»

«አንዲት ፍሬ አልነበረበትም» አለች። «የሱን ስንቅ ሰሊጥ በነካው ሙቀጫ ወቅጬ አላውቅም።»

ጣሳውን ተቀበለችው። ውሃ ሞላችበትና ዶሮዎቹ እንዲጠጡበት ግቢው ውስጥ አኖረችው።