አራቱ የፋብሪካ ብሎኖች

ሩዋይዳ ከጅዳ በተመለሰች ማግስት፣ ለእናቷ የላከችውን የልብስ ማጠቢያ ማሽን በወንድሟ በባህሩ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ አገኘችው። በላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል፤ በመስተዋት በሩ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። በዚያው ሰዓት እናቷ ወይዘሮ ሸምሲያ በጓሮ፣ ከውሃ ሮቶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የባህሩን ልጆች ልብስ በሳፋ ያሹ ነበር።

ሩዋይዳ የእናቷን እጅ ይዛ ገለበጠችው። የጣቶቹ መጋጠሚያዎች አብጠዋል፤ በጥፍሮቹ ዙሪያ ያለው ቆዳ በሳሙና ተበልቶ ነጥቷል። በባዕድ ቤት የባዕድ ልብስ ስታጥብ የኖረችው ይህን እጅ ከውሃ ለማውጣት ነበር። ማሽኑ የደረሰ ሰሞን የባህሩ ሚስት ፈትያ አማቷን ከአጠገቡ አቁማ፣ ፎቶግራፍ አንሥታ በኢሞ ልካላት ነበር። «ከእንግዲህ የእማን ጣት ውሃ አይነካውም» ብላትም ነበር።

«ማሽኑ ለምን አይሠራም?» ስትል ሩዋይዳ ጠየቀች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አይ ሩዊ፣ እሱማ ጉድ ነው!» አለች ፈትያ እየሳቀች። «ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ከመረብ የወጣ ዓሣ እንዴት እንደሚንፈራገጥ ታውቂ የለ? ልክ እንደዚያ ዘለለ። ልጆቹ አልጋ ሥር ገቡ። ባህሩ ‹ይሄ ነገር ጂን አለበት› ብሎ ነቀለው። አትቀየሚኝና ያረጀ ሸጠውልሽ ይሆናል። ለሳሎን ግን አምሯል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያደንቀው አይሄድም።»

«እማስ?»

«እሳቸውማ ሥራ ካልያዙ ያማቸዋል። ተቀመጡ ብላቸው ይሰሙኛል ብለሽ ነው?»

ሩዋይዳ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ጀርባ ተመለከተች፤ አራቱም የፋብሪካ ብሎኖች በቦታቸው ነበሩ። እነዚህ ብሎኖች ማሽኑ በመርከብና በመኪና ሲጓዝ በውስጡ ያለው በርሜል እንዳይናወጥ ጠፍረው የሚይዙ ናቸው፤ ቤት ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ ይፈታሉ። ሳይፈቱ ከቀሩ ግን በርሜሉ በኃይል በሚሽከረከርበት ጊዜ መላው ማሽን ይዘላል፤ ሲብስም ይሰበራል። ባህሩ በፋብሪካ የታሰረ ነገር መነካት የለበትም ባይ ስለ ነበረ አልፈታቸውም። አሁን ግን አንድ መፍቻና ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ሩዋይዳ አልፈታቻቸውም። ዳንቴሉን መልሳ አስተካክላ ቀና አለች። እናቷን ያላሳረፈ ማሽን የፈትያን ሳሎን እንዳያስጌጥ፣ ፈትያም በገዛ እጇ ሰብራው ከስብርባሪው ፊት ቆማ እንድታፍር ቈረጠች።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ አጠቃቀሙን ስላላወቃችሁ ነው» አለች። «አስተምርሻለሁ።»

«ወላሂ በይ? እንግዲያው የኢድ መጋረጃዎቼን አጥብበታለሁ!»

ለኢድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ውሃ በመጣበት ጠዋት፣ ባህሩ ማሽኑን እየገፋ ወደ ኋላ በረንዳ አውጥቶ ከቧንቧው ጋር ካገናኘው በኋላ ወደ ሱቁ ሄደ። ሩዋይዳ ከዚያ በኋላ ያስተማረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ክፋቷም የተሸሸገው በዚሁ እውነት ውስጥ ነበር።

«ነጩን ከቀለማሙ ለዪ። ኪስ ፈትሺ፤ ዚፕ ዝጊ።»

«መጋረጃ ኪስ የለውም እኮ፣ ኡስታዛችን!»

«የብረት ማንጠልጠያ አለው፤ እሱን አውጪ፣ በርሜሉን ይቧጭራል። ልብሱን አትጠቅጥቂው፤ ከላይ እጅሽ የሚገባበት ክፍተት ይኑር። ሳሙናውን ቀንሺ።»

«ይቺን ብቻ? ጅዳ ሳሙና ተወዶ ነው እንዴ?»

«የእጅ ማጠቢያ ሳሙና አረፋው ይበዛል፤ አረፋ ስለ በዛ ደግሞ ልብስ አይጠራም። ለማሽን የተሠራውን ግዢ። ታጥቦ ሲያልቅ በሩን ክፍት ተዪው፣ አለዚያ ይሸታል። ከታች ያለውን ማጣሪያ አልፎ አልፎ አጽጂ። እግሮቹም ሳይዛነፉ እኩል መሬት ይርገጡ።»

ስለ እግሮቹ ስትናገር ዐይኗ በብሎኖቹ ላይ ዐረፈ፤ አንደበቷ ግን አለፋቸው።

«የመጭመቂያውን ፍጥነትስ የት ላድርገው?» አለች ፈትያ።

«መጨረሻው ላይ።»

ማሽኑ ውሃ ስቦ መጋረጃዎቹን በዝግታ ያገላብጥ ጀመር። ይህን የሰሙት ወይዘሮ ሸምሲያ በርጩማቸውን ይዘው መጡና ከመስተዋቱ ፊት ተቀመጡ።

«ሱብሃነላህ! ሰው ሳይነካው! ልጄ እኮ ናት የላከችልኝ።»

«እማ፣ ከዚያ ራቂ» አለች ሩዋይዳ።

«ተዪኝ፣ ልየው። ስንት ዘመን አበባ ተሸክሞ አየሁት።»

ሩዋይዳ ወደ ሶኬቱ ተመለከተች። ለመንቀል ጊዜ ነበራት። ፈትያ ግን በስልኳ ቪዲዮ እየቀረጸች፣ «ጂኑ ወጣ! ሩዊ ጂኑን አስወጣችው! አማቴም እንግዲህ ሥራ ፈቱ!» እያለች ትስቅ ነበር፤ ያ ሳቅ የሩዋይዳን ቂም እንደ ገና ቀሰቀሰው። እጇን ሰበሰበች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሽኑ ውሃውን ደፍቶ ለመጭመቅ ፍጥነቱን ጨመረ። መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ በአራት እግሩ ተነሥቶ ወለሉን ይደበድብ ጀመር። የወለሉ ሴራሚክ ተሰነጠቀ። ፈትያ ጮኻ ወደ ቤት ሮጠች። ሩዋይዳ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፤ ያልጠበቀችው ግን እናቷ እንደማይሸሹ ነበር።

ወይዘሮ ሸምሲያ ከበርጩማቸው ተነሥተው ማሽኑን በሁለት እጃቸው ዐቀፉት። «ያዙልኝ! የልጄ ድካም ነው፣ ያዙልኝ!» ማሽኑ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ተወርውሮ ግድግዳውን መታ። የአሮጊቷ ቀኝ እጅ በመካከል ነበረ።

ሩዋይዳ ሶኬቱን የነቀለችው ከእናቷ ጩኸት በኋላ ነው።

በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ሲሄዱ ወይዘሮ ሸምሲያ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ማሽንሽ ተሰበረ ይሆን?» ሐኪሙ ጣቶቹን በጀሶ አሰረ። አጥንቱ ቢገጥም እንኳ ጣቶቹ እንደ ቀድሞው እንደማይታጠፉ፣ የደም ግፊታቸውም እጅግ ከፍ ስላለ ከድንጋጤና ከንዴት እንዲጠበቁ ለሩዋይዳና ለፈትያ ነገራቸው።

እናቷ ቤት ገብተው እንደ ተኙ ሩዋይዳ መፍቻ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች። ሶኬቱን ሰክታ መጭመቂያውን አስነሣችው፤ ማሽኑ ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ይሽከረከር ጀመር። ዘወር ስትል ፈትያ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምንድን ናቸው?» አለች ፈትያ ብሎኖቹን እያየች።

«ለመንገድ የሚታሰሩ ናቸው። ከመጠቀም በፊት ይፈታሉ።»

«እንዳልተፈቱስ መቼ ዐወቅሽ?»

«በመጣሁ ማግስት።»

ፈትያ አልጮኸችም። ቀርባ አንዱን ብሎን ከወለሉ አነሣችና በመዳፏ ላይ መዘነችው።

«እኔ እማን አሠርቻቸዋለሁ፤ አልክድም። እጃቸውን የሰበርሽው ግን አንቺ ነሽ።»

«ለባህሩ ንገሪው። ለእማ እኔው እነግራታለሁ።»

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። ከፈለግሽ ግቢና ንገሪያቸው፤ ግደያቸው።» ፈትያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም ለማንም አልናገርም። ብናገር ይቅር ይሉሻል፤ እናትሽ ናቸው። እኔ ይቅርታ እንድታገኚ አልፈልግም። ከዛሬ ጀምሮ ልብሳቸውን እኔ አጥባለሁ፤ በሳፋም ይሁን በዚህ። አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ምርቃታቸውን ተቀበዪ።»

ሩዋይዳ አንድ ቃል ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ በዚያው ቅጽበት የወይዘሮ ሸምሲያ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

«ሩዋይዳ! ሲሠራ ይሰማኛል፤ ዳነ እንዴ?»

«ድኗል፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔን ከውሃ ያወጣሽ ልጄ፣ አላህ እጅሽን ይባርከው!»

ፈትያ ዐይኗን ከሩዋይዳ ዐይን ሳትነቅል፣ እስከ መኝታ ቤቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «አሚን!» አለች።