ብርነሽ ከተራዋ አትወጣም

የመተማ ዮሐንስ ሞተረኞች ዓይናቸው ለጉድ ነው። ከጉምሩኩ ኬላ ሻንጣ የያዘ ሰው ብቅ ሲል መናኸሪያው በር ላይ ሆነው ያዩታል። ትናንት ግን ብርነሽ ውኃ ልትገዛ ዞር ባለችበት የሞተሯን የፊት መስታወት የሚይዘው ብረት ለሁለት ሲሰበር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዳቸውም አላዩም! ስትመለስ መስታወቱ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ጠበቃት። "ነፋስ ይሆናል" አሏት። ነፋስ! ቅጠል በማይነቃነቅበት በዚያ ቀትር!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ፣ ገና እንደተሰለፈች፣ ተራ አስከባሪው ስንሻው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አዲስ ሕግ አወጀ። "ከዛሬ ጀምሮ ተራው ሲደርስ መስታወቱ የሚወዛወዝ ሞተር ከሰልፉ ይወጣል። ለተሳፋሪው ደኅንነት ነው።"

ሕጉ ለማን እንደወጣ ብርነሽ አልጠፋትም። ጭኖ ሳይሆን ተባሮ ከሰልፍ የወጣ ሞተር የሚመለሰው ሞተረኞቹ ሁሉ ተሰብስበው "ይግባ" ሲሉ ብቻ ነው። እሷን ለማስገባት "ሴት ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ!" እያሉ አንድ ክረምት ሙሉ አንገላተዋታል። ዛሬ ብትወጣ ዳግመኛ አይመልሷትም። እንጀራዋ ደግሞ ይቺው ሞተር ናት።

ብየዳ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ትናንት ተዘግቶ ነበር፣ ዛሬ ግን እሳቱ ብልጭ ሲል ይታያታል። ነገር ግን በእነሱ ልማድ ሞተሩን ትቶ የሄደ ሰው፣ ከፊቱ ያለው ሲንቀሳቀስ ተጠግቶ ቦታውን ካልሞላ፣ የኋላው ያልፈዋል፤ የታለፈም ከሰልፍ እንደወጣ ይቆጠራል። ስንሻውም ይህን አስልቷል።

"ሂጂና አስበይጂው እንጂ፣ ማን ከለከለሽ?" አላት ጥርሱን እያሳየ።

"እዚሁ እሠራዋለሁ።"

"በምን?"

"በእጄ ነዋ! በምላሴ መሰለህ?"

ሰልፈኛው ሳቀ። ብርነሽ ከኮርቻው ሥር ፒንሳና ሽቦ አወጣችና የተሰበሩትን ጫፎች ገጥማ ጠመጠመች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ሞተሯን ገፋች። ጠጠሩ ላይ ነጠር ሲል ሽቦው ተንሸራቶ መስታወቱ ዘመም አለ።

ከኋላዋ የተሰለፈው ዑበይዳ "ማሌሽ፣ አይዞሽ ብርነሽ፣ ተይው በቃ። ነገም ቀን ነው" አላት።

"ነገ ማን ያስገባኛል? አንተ?"

ዑበይዳ የሞተሩን ኮርቻ በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገ።

ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ተናደደች፤ በሽቦውም፣ በስንሻውም፣ በራሷም። ሽቦ ብቻውን ልሙጥ ብረት ላይ ምን ይይዛል? ወጌሻ የተሰበረ ክንድ ሲያስር መጀመሪያ ጨርቅ፣ ከዚያ ቀርከሃ አይደል የሚያደርገው! ዕቃ ከምታስርበት ከመነዳሪ ጎማ ቆርጣ ስብራቱን ጠቀለለችው። በቀርከሃው ፋንታ ደግሞ ያላትን አንድ ረጅም የብሎን መፍቻ ከብረቱ ጎን አስተኛች። መንገድ ላይ ብሎን ቢላላባት በምን እንደምታጠብቅ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ጎማውን በኃይል እየሳበች ደጋግማ ጠመጠመችበት፤ በላዩ ሽቦውን አጠበቀች። ሰልፉ ሲጠጋ ፒንሳውን በጥርሷ ነክሳ ትገፋለች፤ ሲቆም ትጠመጥማለች። ሽቦው ጣቷን ቆርጦ አደማው፤ ዞር ብላም አላየችው።

ተራዋ ደረሰ። የሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ አሰፋች ዘንቢላቸውን ይዘው ቀረቡ።

"ቆይ!" አለ ስንሻው። መስታወቱን ጨብጦ ነቀነቀው። ከዚያ በሁለት እጁ። ሞተሩ ሙሉው ተወዛወዘ እንጂ መስታወቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ... ይሄማ ጥገና አይደለም! ቡትቶ ነው!"

"የሚወዛወዝ ነው ያልከው። ተወዛወዘ?"

ስንሻው ወደ ሰልፈኛው ዞረ። የሚያግዘው አጣ።

"ሕግ ከሆነ ደግሞ ለሁላችንም ነው" አለችና፣ አጠገቧ ወደ ቆመው፣ ተራ ሳይጠብቅ ወደሚጭነው የራሱ የስንሻው ሞተር ሄዳ መስታወቱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

"አትንኪ!" ስንሻው ዘሎ መስታወቱን በሁለት እጁ ደገፈ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዑበይዳ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። ከኋላ ግን አንዳንዱ የእሱም እንዳይነካበት ፈርቶ የራሱን መስታወት ቀስ ብሎ ይዟል።

"ያዘው እንግዲህ፣ እንዳይወድቅብህ" አለች ብርነሽ። "ይውጡ እትዬ።"

እትዬ አሰፋች ዘንቢላቸውን አቅፈው ወጡ። ብርነሽ ሞተሯን አስነስታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ለሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች።

"አድርሼ እመለሳለሁ! ከኋላ እሰለፋለሁ! የሚያስወጣኝ ወንድ ካለ እዚሁ ይጠብቀኝ!"