የተገዘተ ሣር

ዶክተር የብርጓል ሰንበሌጡን በሁለት እጇ ከፈል አድርጋ ወደ ታች አየች። ሥሩ ጨለማ ነው። ማገጡ፣ ከብት የሚወደው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል፣ አለ፤ ግን ቀጥኗል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አስግጓል። አበባ የለውም። ቀና ስትል ሣሩ ወገቧ ድረስ ይደርሳል፣ ከሣሩ ማዶ ካቡ አለ፣ ከካቡ ማዶ የገበሬው የእንዳላማው የጤፍ ማሳ።

ካቡ ከመሠራቱ በፊት ይህ የቤተ ክርስቲያኑ መስክ ከብት እየጋጠ ያሳጠረው ሜዳ ነበር። በመስከረም ማገጡ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ከመሬት ስንዝር ከፍ ብለው ይርመሰመሱበት ነበር። የብርጓል ይህችን ቢራቢሮ በየትኛውም መጽሐፍ፣ በየትኛውም ቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ አላገኘቻትም። እንቁላሏን የምትጥለው በማገጥ ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ከካቡ ውጪ ደግሞ መሬቱ እስከ ድንጋዩ ድረስ ታርሷል፤ በየወሰኑ የቀረችውን ማገጥ የአረም መድኃኒት ይጨርሳታል። ቢራቢሮዋ ያለችው እዚህ ነው፤ እዚህ ከጠፋች ሌላ የምትፈለግበት ቦታ የለም።

ዛሬ ፀሐዩ ከወጣ ጀምሮ ስታስስ ያገኘቻቸው ቢራቢሮዎች በአንድ እጅ ጣት ያልቃሉ።

ካቡን ያሠራችው ራሷ ናት። ከቼክ ዶክትሬቷን ይዛ ስትመለስ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ወደዚህ ወደ ተወለደችበት ቀበሌ የመጣችው የሌሊት የእሳት ራቶችን ልታጠና ነበር። የጥድ አምባ ሚካኤል ደን ያን ጊዜ በከብትና በምሳር እያለቀ ነበር። የደብሩን አስተዳዳሪ መምሬ ኪዳነ ማርያምን ለመነች፤ እሳቸው ሕዝቡን ለመኑ፤ ሕዝቡም ከየእርሻው ድንጋይ እየተሸከመ ካበ። ካቡ ሲያልቅ አንድ ነገር ጨመረች።

«ድንጋይ ብቻውን አይበቃም፣ አባ። ሰው ያፈርሰዋል። ይገዝቱልን።»

መምሬ በኅዳር ሚካኤል ዕለት መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ገዘቱ። «ከዚህ ቅጥር ውስጥ ከብት ያስገባ፣ እንጨት የቆረጠ፣ ሣር ያጨደ፣ ውግዝ ከመ አርዮስ!» ሕዝቡ አሜን አለ። የብርጓልም አሜን አለች፤ ፎቶም አነሣችና ለፕሮፌሰሯ ላከች። በዓመቱ መምሬ ዐረፉ።

ግዝቱ ሠርቷል። ከጥዱና ከወይራው ሥር ችግኝ ተነሥቷል፤ የእሳት ራቶቹ በዝተዋል። መስኩ ግን ከደኑ ጋር አብሮ ታጠረ። በተማረችበት አገር መምህሯ ተማሪዎቹን ወደ ጦር ሠራዊት መለማመጃ ሜዳ ወስዶ፣ ታንክ ባረሰው መሬት ላይ ብርቅዬ ቢራቢሮ አሳይቷቸው ነበር። መሬት አንዳንዴ ካልተረገጠ እንደማይኖር ለፈተና ጽፋ ጥሩ ውጤት አግኝታበታለች። አገሯ ገብታ ከብት ስታይ ግን ጠላት ብቻ ታያት።

የኔታ ወልደ ገብርኤል ከመምሬ ወዲህ ደብሩን የሚያስተዳድሩት ናቸው። በቤተ ልሔሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ይፍቱኝ፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ዛሬም ቢራቢሮ ነው?»

«ሣሩ ነው። ላሞች ለጥቂት ቀን ይግቡ። ያቺን መስክ ብቻ ግጠው ይውጡ።»

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ላም አታስገቡ ብለሽ አገር ያስካብሽ አንቺ። አሁን ላም አስገቡ። ለከርሞ ዝሆን አምጡ ትዪናለሽ።»

«ተሳስቼ ነው።»

«ስሕተትሽን ይቅር ይበልሽ። ግዝቱን ግን እኔ አልፈታውም። የገዘተ ነው የሚፈታ፤ እሳቸው ደግሞ ያውልሽ።» በአገጫቸው ወደ መምሬ መቃብር አመለከቱ።

«ከእሳቸው በላይ ያለስ?»

«ጳጳሱ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ጠይቂያቸዋ።»

በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ከተዘጋ ክረምቱ አለፈ። መኪና የለም፣ ስልክ የለም። በእግር የሞከሩትም ከመንገድ ተመልሰዋል። የብርጓል በሰኔ ለሁለት ሳምንት ሥራ ብላ የመጣች ናት። ሌሊት መብራት ማብራት አደገኛ ከሆነ ወዲህ የእሳት ራት ማጥመጃዋን እንኳ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

«ካቡን አፍርሰን ወደ ውስጥ ብናስጠጋውስ? መስኩ ከቅጥሩ ውጪ ይሆናል።»

የኔታ ጥሩ ጥያቄ ያመጣ ተማሪ እንደሚያዩ አዩአት። «ቅኔ ቤት ብትገቢ ይሻልሽ ነበር። መምሬ የገዘቱት ድንጋዩን ሳይሆን መሬቱን ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ዛሬ ላንቺ ጥግ ከተፈታ፣ ነገ ለእንዳላማው በሬ ይፈታል፣ ከነገ ወዲያ ለአንዱ ቤት ማገር። ደኑ የቆመው በቃል ነው። ያን ሁሉ ለአንዲት ቢራቢሮ?»

የብርጓል ይህንኑ ራሷን ስትጠይቅ ነው የሰነበተችው።

በበሩ ወጥታ ካቡን ተከትላ ስትሄድ እንዳላማው ከጤፉ መሐል ቀና አለ። ካቡ ሲሠራ የከብቶቹ መግቢያ የተዘጋበት እሱ ነው፤ ቂሙን በቀልድ ይወጣዋል።

«ዶክተር! ላሜን ፈቀዱላት?»

«አልፈቀዱም፣ አያ እንዳላማው።»

«አዬ! ዛሬስ ካባ ልትለብስ ነው ብዬ አጥቤያት ነበር እኮ።»

«ማጭድ ያውሱኝ።»

ሳቁ ቆመ። «ለምንሽ?»

ወደ ሰንበሌጡ አየች።

«ኧረ በስማም በይ! እኔ በጥር ልጅ እድራለሁ፣ ቄስ ያሻኛል። አላውስም።» ጥቂት አረም ነቀለና እንደገና ቀና አለ። «ደሞስ አስበሽዋል? የተገዘተ ሰው ከቅጥር አይገባ። ካጨድሽው በኋላ ማን ያስገባሻል? ቢራቢሮሽ ትውለድ አትውለድ በምን ልታውቂ ነው?»

የብርጓል አላሰበችበትም ነበር። ከሕዝቡ እንደምትለይ፣ ሰው ማዕዱን እንደሚያርቅባት አስባለች። ይህን ግን አላሰበችም።

ካቡ ላይ ተቀመጠች። ዘንድሮ ካልቆጠረች የምትጽፈው የላትም፤ እነዚያ ውጭ አገር ያሉት ተመራማሪዎች ማስረጃ ይፈልጋሉ፣ ሰማሁ ማለት አይበቃቸውም። የሠላሳዎቹን ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህች ቢራቢሮ ነው። ደግሞ እርግጠኛ ናት? ዝናቡ ዘግይቶ ይሆናል። የእንዳላማው የአረም መድኃኒት በንፋስ ካቡን ተሻግሮም ይሆናል። ካላጨደች ግን የሚሆነው ይታወቃል፦ በየዓመቱ እየገባች፣ እየቀነሱ ሲሄዱ በጥንቃቄ እየቆጠረች፣ የመጨረሻዋ የጠፋችበትን ወር ጽፋ ትልካለች። ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ማታ ለእናቷ ለወለተ ኪዳን ነገረቻት። እናቷ ቃሪያውን መሰንጠቅ አቆመች።

«አብሬሽ ልበላ አልችልም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ፈረንጅ አገር ብቻዋን ስትበላ ኖረች፣ አሁን መጣችልኝ ስል።»

«መንገዱ ሲከፈት ማርቆስ ሄጄ እፈታለሁ።»

«መቼ ነው የሚከፈት?»

የብርጓል ቢላዋውን ከእናቷ እጅ ወስዳ የቀረውን ቃሪያ ሰነጠቀች።

«ለትል ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለቢራቢሮ ነው።»

«ቢራቢሮስ መጀመሪያ ትል አይደል?» አለች እናቷ። ማጭዱን ግን ከተሰቀለበት አንሥታ አልደበቀችውም።

ማግስቱን ጤዛው ሲረግፍ የብርጓል ገባች። ማጭድ ከያዘች ብዙ ዘመኗ ነው፤ መዳፏ ወዲያው ውኃ ቋጠረ። ለለቅሶም ለጸሎትም የመጣ ሰው በበሩ በኩል እየቆመ አያት፤ አንዳንዱ አማትቦ ሄደ። የኔታ ወጥተው ዋርካው ሥር ቆሙ። አልከለከሏትም፣ አላናገሯትም። ያጨደችውን ሣር እንዳለ ብትተወው ማገጡን ስለሚያፍነው እየታቀፈች ወደ ጥዶቹ ሥር ወሰደችው። ከዚያ የቀረውን አጭር የሣር ቆረንጮ በእግሯ እየረገጠች ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች፣ ላም እንደምትረግጠው።

«ዶክተር! እምቧ በይ እንጂ!» አለ እንዳላማው ከማዶ።

ማንም አልሳቀም። እሱ ራሱ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ ጤፉ ዞረ።

ስትጨርስ የኔታ በሩን ከፍተው ያዙላት። «ውጪ እንግዲህ፣ ልጄ» አሉ። ከልማድ ለመሳለም ጎንበስ አለች፤ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቷ ምግቧን በተለየ ሳሕን አድርጋ ደጃፉ ላይ ታኖርላታለች፤ ራሷ ውስጥ ትበላለች። በመሐላቸው የተከፈተ በር አለ። ስለ ጎመኑ ጨው ይነጋገራሉ። ሰው በመንገድ ሲያገኛት ደኅና ነሽ ይላታል፣ ግን ቆሞ አያወራትም። በየቀኑ ካቡ ዘንድ ትሄዳለች። የታጨደው መስክ ከሩቁ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። አንዳንዴ ፀሐይ ሲበረታ በላዩ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይላል፤ ያቺ ትሁን ወይም በየመንገዱ የምትገኘው ዓይነት፣ ከዚህ ርቀት ማንም አይለያትም። ሳምንት ካለፈ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ትሏም ከሥር ገብታ ትሰወራለች።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ በበሩ ሲጎርፍ አንዲት ነጠላ ወደ መስኩ ታጠፈች። እናቷ ናት። ካቡ ድረስ መጥታ በውስጥ በኩል ቆመች።

«የቱ ጋ ልይልሽ?»

የብርጓል ወደ ካቡ ተጠጋች። «ማገጡን ታውቂዋለሽ?»

«ላም ያበላሁ ነኝ እኮ፣ አንቺ! የቱ ጋ?»

«አበባ ካለው ጋ። ቅጠሉን ገልብጪው፤ አትቀንጥሺው ብቻ። ከሥሩ ነጭ ነገር፣ ከጨው ቅንጣት ያነሰ።»

እናቷ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች። በጣቷ ጫፍ ቅጠል ገለበጠች። ሌላ ገለበጠች።

«አለ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አለ አልኩሽ።»

«ክብ ነው? መሐሉ ጎድጎድ ያለ?»

«ነጭ ነው። ይኸው እዚህም አለ። እዚህም።»

መልሷ ፈጠነ። የእናቷ ዓይን ደክሟል፤ መርፌዋን ክር የምታስገባላት የጎረቤት ልጅ ናት፤ በመስኮት ቆማም እናቷ ሰው የምትለየው በድምፁ ነው። ያየችው እንቁላል ይሁን ጤዛ፣ ወይስ ምንም አላየች፣ የብርጓል ልታውቅ አትችልም። ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛ ተንጠራራች። የሚታያት የእናቷ ጀርባ ብቻ ነው።

«በቃ፣ እማ። ተነሺ፣ ጉልበትሽን።»

«ቆይ» አለች እናቷ ሳትዞር። «ይሄኛውን አላየሁትም።»