የፍሪጁ የጅብ ጥላ

«ለክቡራን ሠራተኞቻችን በሙሉ፦ የቤተ ሙከራችን ፍሪጅ ከዛሬ ጀምሮ ከምሳ፣ ከመክሰስና ከማናቸውም ትርፍራፊ ነጻ መውጣቱን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። አንዲት እንቁላል እንኳ ሸሽጎ የተገኘ፣ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል።»

ማስታወቂያው በማኅተም ደምቆ ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፏል። የዳይሬክተሩ ፊርማ ከጽሑፉ ይረዝማል። አፍንጫው መጀመሪያ ሲያነበው ስቆ ነበር ያለፈው። አፍንጫው የሚሉት የተቋሙን የጫካ እንጉዳይ ለዪ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያሸት ስሙ በዚያው ቀረ። አሁን ግን እዚያው ፍሪጅ ፊት ከሚስቱ ጋር ቆሞ፣ ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ ጠፍቶታል።

ሚስቱ የዚሁ ቤተ ሙከራ ባለሙያ ናት። ይህን ሥራ እስክታገኝ ሁለት ዓመት የየመሥሪያ ቤቱን በር ስታንኳኳ ከርማለች፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሳምንት ቀርቷታል። በሁለት እጇ ሁለት ቡናማ የወረቀት ከረጢት ይዛለች። አንደኛው ውስጥ ያለው ዳይሬክተሩ ራሳቸው ከጫካ ለቅመው፣ አዲሱ የዲኤንኤ ማንበቢያ ይመርምረው ብለው የሰጡት ናሙና ነው። ሌላኛው ውስጥ ያለው ደግሞ ለእራት ከገበያ ገዝታ፣ «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብላ ከናሙናው ጎን የሸጎጠችው እንጉዳይ ነው።

«የጫካው አልተነካም» አለች ቀስ ብላ። «እየው። እኔ ቆርጬ መሣሪያው ውስጥ የከተትኩት እራታችንን ነው።»

መሣሪያው እንግዲህ አልዋሸም። የታወቀ፣ የሚበላ፣ በየገበያው የሚቸረቸር እንጉዳይ ነው ብሏል፤ እውነቱን ነው። ዳይሬክተሩም ውጤቱን ይዘው ለመሣሪያው ምረቃ እንግዳ ጠርተዋል፤ የቀረውን የጫካ ለቀማ በሙሉም «በዲኤንኤ የተመሰከረለት የመጀመሪያው ምሳ» ብለው ለምግብ አብሳይዋ ሰጥተዋል።

አፍንጫው ከናሙናው አንዷን አውጥቶ ገለበጣት። ከጥላዋ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ቅጠሎች ድፍን ነጭ ናቸው፤ የገበያው ቢሆን በዚህ ዕድሜው ቡናማ ይሆን ነበር። እግሯ በቢላ ተቆርጧል። ዳይሬክተሩ እጃቸው አፈር እንዳይነካው ከላይ ከላይ ነበር የቆረጡት። አፍንጫው ነገሩ አላምር ብሎት ጠዋት እዚያው ቦታ ሄዶ የቀረውን ጉቶ በጣቱ ሲቆፍር፣ ከአፈሩ ነጭ ኩባያ የመሰለ ሥር ወጣ። እንዲህ ያለው የጅብ ጥላ አይጎመዝዝም፣ አይመርም፤ በላተኛውን አመስግኖት ይሸኘዋል። ሕመሙ በማግስቱ ይጀምራል፤ ያኔ ጉበቱ አልቆለታል።

«ልንገራቸው» አለ።

«ንገራቸውና መሣሪያው እንዴት ተሳሳተ ይሉሃል።»

«አልተሳሳተምማ።»

«እሱን ነው የምልህ። ታዲያ እንዴት ሆነ ሲሉ የፍሪጁ ነገር ይነሳል። ፍሪጁ ሲነሳ እኔ እሄዳለሁ።»

«ዝም ካልኩ ሰው ይሞታል።»

«አላጣሁትም። እኔው ልንገራቸው በቃ።» ወደ በሩ ስትራመድ ክንዷን ያዛት።

«ቆይ እስቲ። ሁለት ዓመት ተንከራተሽ፣ በአንድ እራት?»

ቆመች። «እንግዲያው አፍህን ሳትከፍት አስቁመው» አለችው፤ ቀልዷን ይሁን የምሯን ራሷም አላወቀችም።

የምረቃው አዳራሽ ጠባብ ነው። መስኮቶቹ ፍርግርግ አላቸው፤ በሩ ላይ ደግሞ ዳይሬክተሩ በአዲስ ከረባት ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ከእሳቸው ሆድ አልፎ መግባትም መውጣትም በፈቃድ ነው።

«ጌታዬ፣ ያ ምሳ ቢቀርስ?» አለ አፍንጫው ጠጋ ብሎ።

«ለምን?»

«የጅብ ጥላ ነው።»

ዳይሬክተሩ ወደ እንግዶቹ ዞረው ፈገግ አሉ። «እዚህ ተቋም ውስጥ የጅብ ጥላ የሚባል ነገር የለም። እንጉዳይ ነው የምንለው። ጅቡን ደጅ ትተነው ነው የገባን።»

እንግዶቹ ሳቁ።

«ከሥሩ ነጭ ነው፣ ጌታዬ። ጉቶውንም ቆፍሬ አይቼዋለሁ፤ ኩባያ አለው።»

«መሣሪያው ምን አለ?»

አፍንጫው ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«ምን አለ፣ አንተ ሰው?»

«ይበላል አለ።»

«ተሳስቷል ነው የምትለኝ?»

ወጥመዱ እዚች ጋ ነበር። አዎ ካለ ምርመራው ከሥሩ ይጣራል፤ አይደለም ካለ ሹካ ይነሳል። «አልተሳሳተም» አለ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ንጹሕ እውነት ተናግሮ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። «ግን የተመረመረችው አንዷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ…»

«ከአንድ ቦታ የለቀምኳቸው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዷ ጨዋ ከሆነች እህቶቿም ጨዋ ናቸው። ዞር በል፣ ምግብ ይለፍ።»

ዞር አለ። ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። ምግብ አብሳይዋ ትልቁን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ አለፈች፤ መዓዛው ልብ ይሰርቃል። ዕድሜውን ሙሉ ያመነው አፍንጫ ዛሬ ምራቁን አመጣበት። ሚስቱ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ከእንግዶቹ ኋላ ቆማ ታየዋለች። ከንፈሯ ሊከፈት ሲል አያት።

«የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእኔ ናት» አሉ ዳይሬክተሩ ከበሩ ወደ ሳህኑ መጥተው፤ አንዷን ወግተው ሹካቸውን አነሱ።

አፍንጫው ሰው መሃል ገባ። ሹካውን ከዳይሬክተሩ እጅ፣ መቀስ ከሕፃን እጅ እንደሚወሰድ ቀስ አድርጎ ወሰደው። ከዚያ ሳህኑን አንሥቶ ምንጣፉ ላይ ደፋው። ይኼም አልበቃውም፤ ጥግ ላይ ከነበረው የጽዳት ባልዲ የበረኪና ጠርሙስ አምጥቶ እላዩ ላይ አንቆረቆረበት፣ ጠርሙሱ እስኪያልቅ።

አንድ እንግዳ ጫማውን ከበረኪናው አሸሸ።

«መሣሪያው አልተሳሳተም ብለሃል» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። «በራስህ አፍ። ታዲያ ምን ነካህ?»

ሚስቱ ወደፊት አንድ እርምጃ ስትራመድ በዓይኑ መለሳት።

«አንድ ምክንያት ስጠኝ። አንድ ብቻ። አለዚያ ከዚህ በር ከወጣህ እንዳትመለስ።»

አፍንጫው በሩን አየው። ከጠዋት ጀምሮ አሁን ገና ነው ማንም ያልቆመበት።

«አልናገርም» አለ።